ቅቤ የጠጣችው መኪና

ልጄ ሰሞኑን ያገለገለ ፒክአፕ ገዝቶ ሊያሳየኝ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣ። ቀለሟ ያምራል፤ ሞተሯ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት ነው፣ የቫልቭ ነው እያለ ሲጨነቅ እኔ ሳቄ መጣ። "ምነው አባባ?" ቢለኝ፣ "በዚህ ድምፅ ልገደል ነበር እኮ" አልኩት።

ጣሊያን ቡሬ በሰፈረ ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። እዚያው ምሽጋቸው ውስጥ መኪና መንዳት አስተማሩኝ። በደንብ ከተማርኩላቸው በኋላ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ይዤባቸው ወደ አርበኞች ኮበለልኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ገና ከክረምቱ ጭቃ አልተላቀቀም፣ ግራ ቀኙ የኑግ አበባ ነው። አርበኞቹ በእልልታ የሚቀበሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ።

አብዛኞቹ ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል የወረዱ የደጋ ሰዎች ናቸው። መኪናዋን ከበው ቆሙ። ሞተሯ ዘይት ጎድሎበት ቀጭ ቀጭ ይላል። ቡሬ ለጣሊያን ሸክም ተሸክሞ የሚያውቅ ደምሌ የሚባል ሰው ጠጋ ብሎ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ።

"ይችን ድምጥ አውቃታለሁ። ቡሬ በሽቦ ወሬ የሚልኩባት ናት። ይሄ ባንዳ ያለንበትን እየነገረብን ነው።"

ቴሌግራፉን ማለቱ ነው። ጠመንጃው ሁሉ ወደኔ ዞረ። "በመድኃኔ ዓለም፣ ዘይት ጠምቷት ነው" ብዬ ማልኩ። አለቃቸው ባላምባራስ እንግዳ "እንግዲያስ አጠጣትና እንይ" አሉ። የሞተር ዘይት ከየት ይምጣ? ከመንደር አንድ ቅል ቅቤ ተለምኖ፣ ቀልጦ ገባላት። ሰው ሽሮውን ያለ ቅቤ በሚበላበት ዘመን መኪና ቅቤ ጠጣች። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

"አያችሁ?" አለ ደምሌ። "ወሬውን ጨረሰና ዝም አለ።"

እውነቴ ራሱ ሊያስገድለኝ ሆነ። "እዚሁ ይደፋ" የሚለው በዛ። ባላምባራስ ግን ጢማቸውን አሻሹና፣ "ከገደልነው ማን ይልክልናል? የላከውን አሁኑኑ ያፍርስ። አርበኞቹ ጅጋ ናቸው በል፣ አንተ። ነገ ጣሊያን ወደ ጅጋ ካልሄደ የፈለጋችሁትን አድርጉት" ብለው ፈረዱ።

ምን ላድርግ? ካቻቢቴ አንስቼ ሞተሩን ማንኳኳት ጀመርኩ። ሰዉ ሁሉ ያስልከኝ ገባ። "አምስት መድፍ አላቸው በል" ይለኛል አንዱ። ሌላው ለጣሊያን ላደረ አማቹ ስድብ እንዳደርስለት ይለምነኛል። ስድቡ ረጅም ስለነበር እጄ ዛለ። ደምሌ ደግሞ ጠመንጃውን አቀባብሎ፣ አንዲት ቃል እንዳላጎድል ይጠብቃል።

እጅ እግሬን ታስሬ አደርኩ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰላይ እየሮጠ መጣ፤ የጣሊያን ጦር ከቡሬ ወጥቶ ወደ ጅጋ እየገሰገሰ ነው። ደምሌ ራሱ ፈታኝ፤ ትከሻዬን ስሞ ቆሎውን አካፈለኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባላምባራስን አንድ ሰርግ ላይ አገኘኋቸው። ጠላዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ "ጌታዬ፣ ያን ጊዜ እኮ እውነቴን ነበር፤ የላክሁት ወሬ የለም። እግዜር ነው ያተረፈኝ" አልኳቸው።

"መች አጣሁት" አሉኝ። "ጣሊያን በጅጋ ገበያ ቀን እህልና ዶሮ ሊሰበስብ ሳይሄድ ቀርቶ ያውቃል? ልጆቹ የደጋ ሰዎች ናቸው፣ ገበያውን አያውቁትም። አንተም በድንጋጤ ማግስቱ የጅጋ ገበያ መሆኑ ጠፋብህ።"

ከዚያ ሁሉ ሰው ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያተረፉኝ ግን ያላመኑኝ መስለው ነው። ያን ቀን "እውነቱን ነው" ብለው ቢሟገቱልኝ ኖሮ ዛሬ ይሄ ልጅም የለ፣ ፒክአፑም የለ። ነፍሳቸውን ይማር።