የሽንት ቤታችን እባብ

አባቴ ሽንት ቤት ሲገባ ስልኩን ይዞ ነው፤ ከገባም ቶሎ አይወጣም። ያን ቀን ጠዋት ግን በገባበት እግሩ ወጣ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ «እባብ! እባብ!» እያለ ግቢውን አቋርጦ ሱቁ ውስጥ ዘው አለ። ሱቁ ውስጥ ስኳር ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የቀረውን ልተወው።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤታችን ከፊት ሱቅ ነው፤ ከኋላ ጠባብ ግቢ አለ፤ ከግቢው ጥግ ያቺ የቆርቆሮ ሽንት ቤት። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ከከተመ ጀምሮ ያላወራው ጀብዱ የለም። አንድ ጊዜ አይጥ ገድሎ ወሬውን ኡኬ ገበያ ድረስ ያደረሰ ሰው ነው። እባቡም ረፋድ ላይ ክንዱን ያህል ነበር፤ ለምሳ ስንቀመጥ ጭኑን አከለ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን በተንን፣ አሮጌ ጎማ አቃጥለን ሰፈሩን በጭስ አፈንነው። በሩን ከፍቶ የሚያይ ደፋር ግን ጠፋ።

አባቴ ከፊት ለፊታችን ካለው ሻይ ቤት ጋር ተስማማ። እኔ ትምህርት ቤት ነበረልኝ። ችግሩ እናቴ ናት፤ ወንድ የሞላበት ሻይ ቤት ለሽንት አትገባም። ለእሷ የሚቀርባት የጎረቤታችን ሽንት ቤት ነው፤ ከጎረቤታችን ጋር ደግሞ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል።

ጎረቤታችን በአክብሮት «አዴ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የአቮካዶ ዛፋቸው ወደ እኛ ቆርቆሮ ተንጋዶ ፍሬ በጣለ ቁጥር አባቴ ከእንቅልፉ ይባንን ነበርና አንድ ቀን ሳይጠይቅ ቅርንጫፉን ቆረጠው። አዴ ያን ዛፍ የተከሉት ከሟች ባላቸው ጋር ነው። አባቴ ይህን አያውቅም፤ እናቴ ታውቃለች። እያወቀች ባሏን ደግፋ «ዛፍ አይደል? ይበቅላል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ። ነቀምቴ ላይ ሰው የከብትህን ጤና ሳይቀር ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው፤ ሰላምታ መንሳት ቀላል ነገር አይደለም። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ ሁለቱ በአጥሩ ቀዳዳ ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም። እናቴ ደግሞ አዴ ይናፍቋታል። አይብና ጎመን በሠራች ቁጥር ታበዛውና «ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?» እያለች እኛን ትቆጣለች።

እናቴ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሠች። እኔም ክፉ ነኝና፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ከጆጉ ወደ ብርጭቆ ውሃ እያንቆረቆርኩ ጠበቅኳት። በመጨረሻ ብድግ ብላ አጥሩ ጋ ቆመችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አዴ...»

«ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ ግቢ!» አሉ አዴ ከውስጥ። «ጩኸቱን ሰፈሩ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ሰምቷል። እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?»

የአዴ ሽንት ቤት ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚንጠለጠለው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሚስማር ላይ ነው። ቁልፉን የፈለገ ወጥ ቤት ይገባል፤ ወጥ ቤት የገባ ሰላም ይላል። «አካም ኦልቴ? ነጋ ዳ? ኢጆሌን ነጋ ዳ?» የእሷ ደህንነት፣ የልጆቿ ደህንነት፣ ምን ያልተጠየቀ አለ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እግሯን እያፈራረቀች መለሰች። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብላ መለሰች። ሳምንት ሳይሞላ ለሽንት ሄዳ ምሳ በልታ መመለስ ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «ስለ ዛፉ ይቅርታ ጠየቅኳቸው» አለችኝ፤ «ተገላገልኩ።»

እኔን ግን እባቡ ሰለቸኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ረጅም መጥረጊያ ይዤ ሄድኩና የሽንት ቤታችንን በር በእርግጫ ከፈትኩት።

«ኧረ ሰው አለ!»

አባቴ ነው፤ ከነስልኩ።

ሲወጣ ክንዴን ይዞ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው እንሰት ጥግ ወሰደኝ። «በማግስቱ ገደልኩት» አለኝ በሹክሹክታ። «እዚህ ቀበርኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ዛፉን የቆረጥኩት እኔ፣ ጎረቤቷን ያጣችው እሷ። ያኔ ሞተ ብላት በነጋታው ምን ብላ አዴ ጋ ትሄድ ነበር? አደራሽን፣ እንዳትነግሪያት።»

አይጥ ገድሎ ኡኬ ድረስ ያወራ ሰው፣ በዕድሜው የገደለውን አንድ እባብ ለሚስቱ ሲል ዋጠው። ያን ቀን አባቴን እንዴት እንደወደድኩት!

ይኸው ዓመት ሞላ። በቀደም ሱቃችን ደጃፍ ላይ የእባብ ወሬ ተነሣ። አንዱ ደንበኛ አኖ አካባቢ ገደልኩት ስላለው እባብ ሲያወራ ከአፉ አረፋ ይወጣል። አባቴ አፉን ከፈተ፤ አየኝ፤ መልሶ ዘጋው። እናቴ አጠገባችን ከአዴ ጋር ምስር ትለቅማለች።

«ንገራቸው እንጂ» አለች ቀና ሳትል። «ጅራቱን በደንብ ሳትቀብረው ነው የሄድከው። አፈር የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»