ዲጋ ላይ በቴፕ የተቀዳው ውሸቴ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ መስከረም ጠብቶ የወለጋ መንገድ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነው። በሪፖርተርነት ዘመኔ ብዙ ሰው አነጋግሬ ብዙ ጽፌአለሁ። አውቄ ያጣመምኩት ቃል ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቴፕ ተቀድቶ ባሕር ተሻገረ። ከሐሳቤ የማይወጣው ለዚህ ነው።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ጸሐፊ ነበር። እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም እዚያው ስለሆነ ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ። የምሠራበት ጋዜጣ አለቃ ይህን ያውቃልና አንድ ቀን ጠርቶ እንግዳ ይዤ ወደ ወለጋ እንድሄድ አዘዘኝ።

እንግዳው ዌንደል የሚባል፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ጥቁር አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ታሪኩን ጠየቅኩት። ሥራውን የጀመረው የሳሙና ማስታወቂያ በማንበብ ነው። በከተማው ረብሻ ተነስቶ ብዙ ቤት ከተቃጠለ በኋላ፣ የጣቢያው ባለቤቶች ስለ ጥቁሮች ጉዳይ የሚወራበት አንድ ሰዓት በየእሑዱ ሰጡት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ፖሊስ፣ ሰው የሚያሳስበውን ሁሉ በስልክ እየደወለ ይናገርበታል።

«አሁን ረብሻው በረደ፤ ማን ይሰማሃል ይሉኛል» አለኝ። «ከዚህ ስመለስ አንድ ፕሮግራም አሰማቸዋለሁ። ካልወደዱት ሰዓቴን ለዘፈን ይሰጡታል።»

ይዞ ሊመለስ የፈለገው የገጠር ሰዎች ስለ ጉዳያቸው ተሰብስበው ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ ነው።

ነቀምቴ ከመድረሳችን በፊት ሲሬ ላይ ለምሳ ወረድን። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሴቶች በኦሮምኛ ሰላም አሉት። ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

«ምን ያኮራዋል? የአርጆ ሰው አይደለም እንዴ!» አለች አንዷ፤ አርጆ እዚያው ወለጋ ነው።

«የአርጆ ሰው እንኳ ሰላምታ ይመልሳል» አለች ሌላዋ። ከአሜሪካ መሆኑን ብነግራቸው ጭራሽ ሳቁብኝ። ፊቱ የአገራቸው ሰው ፊት ነበርና አልፈርድባቸውም።

ነቀምቴ ሁለት ቀን ቆየን። ከቢሮ ቢሮ ስንሄድ ሁሉም የተጻፈ ንግግር እያወጣ አነበበለት። ዌንደል በትሕትና ቀዳ። ማታ ግን «ወረቀት እኛም አገር ሞልቷል» አለኝ። የቀረው ያልተቀዳበት የቴፕ ክር አንድ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነቀምቴ አጠገብ ዲጋ ላይ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ምንጭ ተጣልተው ሽማግሌ ሊቀመጥላቸው መሆኑን ሰማሁ። የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ቁመተ ረጅም ሰው ናቸው። ልጃቸው ጫልቱ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የምታክም ድሬሰር ስትሆን እንግሊዝኛ የተማረችው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የእንግዳውን መምጣት ሰምታ አምጣው ብላ የላከችብኝም እሷ ናት።

ስንደርስ ሰዎቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። ዌንደል ቴፑን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ከፈተ። እኔ በሙያ ልማዴ «ሰላምታውን አትቅዳ፤ ክርህን ቆጥብ» አልኩት። አልሰማኝም።

ኦቦ ገመዳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሰላምታውን ጀመሩ። አገሩ ነጋ? ቤቱ ነጋ? ከብቱ ነጋ? ሕዝቡ ነጋ? በኦሮምኛ ነጋ ማለት ሰላም ነው። እኔም እየተረጎምኩ ነገርኩት።

የዚያ አገር ደንብ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እነዚህ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ነው፤ ነጋ ነው። ቤትህ ቢቃጠልም፣ በሬህ ቢሞትም መጀመሪያ ነጋ ትላለህ። የሆነውን የምትናገረው ከተቀመጥክ በኋላ ነው። ቆሞ «ነጋ አይደለም» የሚል መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው።

ዌንደል ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወሰደው። ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ፣ «አይ፣ ሰላም አይደለም። ሕዝቤ ሰላም የለውም» አለ።

እኔ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ዞሬ «ነጋ ነው ይላል» አልኩ።

«ጋሼ፣ እንደዚያ አላለም» አለች ጫልቱ ከኋላ። ከዚያ ያለውን ቃል በቃል በኦሮምኛ ተናገረችው።

ሰዉ በሙሉ ብድግ አለ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ማን ሞተበት?» አሉ።

ዌንደል ግራ ገብቶት አየኝ። የሆነውን ነገርኩት።

«ያልኩትን አልነገርክልኝም?»

«አልነገርኩም።»

«ለምን?»

ደንቡን አስረዳሁት። የተቆጣ መሰለኝ። ቴፑን አየው፤ አልዘጋውም።

ኦቦ ገመዳ ክንዱን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት። «ኢልማ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «የኛ ምንጭ ነገም ይፈሳል። ያንተን ንገረን።»

ዌንደል የአባቱ ቤት ያለበት ሰፈር ለአውራ ጎዳና ተብሎ እንዴት እንደፈረሰ ተናገረ። አሁን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ ጫልቱ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

«የሰፈሩን ሽማግሌ ማን ጠየቀ?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«ማንም።»

«አንተ በዚያ ሬዲዮ ለማን ትናገራለህ?»

«ቤታቸው ለፈረሰባቸው።»

«ያፈረሱትስ ይሰሙሃል?»

ዌንደል ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሰው ሲጠይቅ የኖረ ሰው መልስ ሲያጣ ያኔ አየሁ። «አላውቅም» አለ በመጨረሻ። የቴፑ ክር እዚያ ላይ አለቀ።

የምንጩ ጉዳይ ለሌላ ሳምንት ተላለፈ። ስንመለስ ዌንደል መኪናው ውስጥ፣ «አለቆቼ የሚጠብቁት ሽማግሌ ሲያስታርቅ ነበር። አሁን እኔ መልስ አጥቼ ዝም ስል ይሰማሉ» አለ። ፕሮግራሙን ያጠፋሁበት መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቀው እያሰብኩ ነቀምቴ ገባን።

ክረምት ሊገባ ሲል ደብዳቤው ደረሰኝ። ቴፑን ምንም ሳይቆርጥ ለአለቆቹ አሰምቷል። ፕሮግራሙን አልሰረዙትም፤ ነገር ግን በግማሽ ቀንሰው እሑድ ንጋት ላይ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ እንዲተላለፍ አደረጉት። ከታች እንዲህ ይላል፦ «ጫልቱ ያረመችህንም ቦታ አልቆረጥኩትም። በከተማችን ታውቀሃል። ምንጩስ እንዴት ሆነ?»

አላውቅም ነበር። ሪፖርተር ነኝ እያልኩ የጀመርኩትን ወሬ መጨረሻውን አልጠየቅኩም። ነቀምቴ እናቴን ልጠይቅ ስወርድ ዲጋ ደረስኩ።

ኦቦ ገመዳ ከብታቸውን ያስጠጡ ነበር። ቤተሰቦቹ ምንጩን በቀን ተከፋፍለው ታርቀዋል።

«ያ ልጅስ ነጋ?» አሉኝ።

«ነጋ ነው» አልኩ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሰዓቱ መቀነሱን፣ ሰው በተኛበት ንጋት ላይ መጣሉን።

አዳመጡኝና በበትራቸው ምንጩን አመለከቱኝ። «ይህን ነገር የጨረስነው መቼ ይመስልሃል? ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት የሚነሳ ጉዳይ ያለበት ሰው ነው። ይናገር በለው፤ የሚሰማው አያጣም።»

ይህንኑ ቃል በቃል ጻፍኩለት። አሁን ሳስበው ያን ቀን በመዋሸቴ አፍራለሁ፤ በመታረሜ ግን ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲህም ሰው ለማነጋገር ስሄድ ቴፔን የምከፍተው ከሰላምታው ጀምሬ ነው።