ለእኔ የተተወች ጉርሻ

ሽሮ ቤቱ ከየካ ሚካኤል በታች፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የአንድ የድሮ ደጃዝማች ቤት ውስጥ ነበር። ከተወረሰ በኋላ ፎቁን ቀበሌ ያዘው፣ ምድር ቤቱን ባለ ሽሮዋ ተከራየችው። መቀመጫው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ላይ ስብሰባ ሲኖር በሳንቃው ስንጥቅ አቧራ ይረግፍብናል፤ ሳህኑን በእጃችን ከልለን እንበላለን። መቼም ሆድ ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ጓደኛዬ መካኒክ። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። ሥጋችን ስለማይገናኝ ከአንድ ሳህን የምንበላው በጾም ቀን ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ ሁልጊዜ የሚያጎርሰው እኔን ነው። በፍስክ ቀን ግን ጋራዥ ውስጥ ሥጋ ከበላ፣ እጁን ሳይታጠብ የእኔን ኩባያ እንኳ አይነካም።

ሁዳዴ እንደገባ፣ ምሳ እየበላን ሳለ፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ከፎቅ ወረደና «ጓድ፣ አንዴ ትፈለጋለህ» አለው። ጓደኛዬ ጉርሻዬን አጎረሰኝና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። አልመጣም።

ሚስቱ ፈልጋ ፈልጋ የታሰረበትን አገኘች። በየቀኑ ከዚያው ቤት ሽሮ አስሞልታ ትወስድለታለች፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። በሚመለሰው ምሳ ዕቃ ውስጥ አንዲት የተጠቀለለች ጉርሻ አትጠፋም። የእኔ ናት። በሕይወት አለ ማለት ነው። እሷ ታጎርሰኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ወረቀት ክልክል ነው፤ ጉርሻን ማን ይከለክላል?

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮ ሠርታ ወሰደችለት። የዚያን ቀን ጉርሻ አልጠበቅኩም፤ ዶሮ ነዋ! እሷ ግን እየሮጠች ገብታ ምሳ ዕቃውን ከፈተችው።

«ይኸው ወንድሜ፣ በበዓሉም አልረሳህም!»

በቀይ ወጥ የራሰች ጉርሻ፤ በስንጥቋ የዶሮው ሥጋ ይታያል። እሱ ለእኔ ሥጋ አይጠቀልልም፤ ቢሞት አያደርገውም። የጠቀለሏት አብረውት የታሰሩት ናቸው። እሱ ተጠርቶ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ለሚስቱ አዝነው ምልክቱን በእሱ ፈንታ ሲልኩላት ኖረዋል። የሚጎርሳት እስላም መሆኑን ማን ይንገራቸው? ከመቼ ጀምሮ የእነሱን ጉርሻ እንደጎረስኩ ዛሬም አላውቅም።

ደስታው አሳውሯት ሥጋውን ልብ አላለችም። ጉርሻዋን ይዛ አፌ ድረስ አቀረበችው። «ጉረስ እንጂ፣ ምነው?»

ቢስሚላህ ለማለት አፈርኩ። አፌን ከፈትኩላት፤ እየሳቀች አጎረሰችኝ።