ባዶ ሆኖ ሞልቻለሁ ያለው ቺፕ

ወረፋ የሚባል ነገር አትወድም። ዳቦ ቤት ሄዳ ከፊቷ ሦስት ሰው ካየች "ዛሬ ዳቦ ይቅር" ብላ የምትመለስ ሴት ናት። መተዳደሪያዋ ግን ወረፋ ነው። መልእክት በሚያከፋፍሉ የኔትወርክ ቺፖች ውስጥ፣ መልእክቱ መውጫው እስኪለቀቅ ድረስ የሚቆይበትን ማህደረ ትውስታ ትነድፋለች። የቢሮው ልጆች "እትዬ መጋዘን" ይሏታል።

ሰሞኑን ግን ሳቅ ርቋታል። ሦስት ዓመት የለፋችበት ንድፍ፣ መውጫዎቹ ሁሉ አንድ መጋዘን በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ሙከራ ላይ ጉድ አፈላ። ጥቂት ሰዓት ደህና ይሠራና "ሞልቻለሁ" እያለ መልእክት መጣል ይጀምራል። ገልጠው ሲያዩት ግማሹ ባዶ ነው። አለቃዋ ቁርጡን ነገራት።

"እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ ፋብሪካ የምንልከው አሮጌውን ንድፍ ነው። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።"

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ባሏ ልብስ ስፌት ቤት ገባች። ሲጨንቃት ልማዷ ነው፤ የአዝራር ቆርቆሮውን ትዘረግፍና ቺፑን ጠረጴዛ ላይ ታጫውተዋለች።

"ና እስቲ፣ መውጫ ሁንልኝ።"

"ደግሞ ጀመረሽ! ሱሪው ለዘጠኝ ሰዓት ነው የሚፈለገው" እያለ መጣ። መቼ እምቢ ብሏት ያውቃል!

በጠመኔ ክፍሎች ሠርታ አንዱ ውስጥ አራት አዝራር አኖረች። ለአራት መውጫ የሚላክ አንድ መልእክት መሆኑ ነው። ከጎኑ "4" ብላ ጻፈች። አንድ ቅጂ በወጣ ቁጥር አንድ ትቀንሳለች፤ ዜሮ ሲሆን ክፍሉ ለሌላ ይለቀቃል። ባልየው ቶሎ እንዲገላገል በሁለት እጁ ሁለት አዝራር አንድ ላይ ላፍ አደረገ። እሷ ሦስት ጻፈች። የቀሩትን አንድ በአንድ አነሳቸው።

"በቃ፣ ልሂድ?"

"የት! ገና አንድ ይቀራል።"

"ኧረ ምኑ ነው የሚቀረው? ባዶ እኮ ነው! ሁለቱን ባንዴ ሳነሳ አንድ ብቻ ቀነስሽ።"

ክው አለች። ቺፑ ውስጥ ይህን ቁጥር የሚቀንሰውን ቆጣሪ የነደፈችው ራሷ ናት። ሁለት መውጫዎች ባንዴ ሲወስዱ አንድ ብቻ ይቀንሳል፤ ክፍሉም ባዶውን እንደተያዘ ይቀራል። ባሏን ጉንጩን ስማው ቦርሳዋን እዚያው ጥላ በረረች።

"አገኘሁት! ጥፋቱ የኔ ነው! የራሴ ነው!" እያለች ቢሮ ገባች። አለቃዋ በገዛ ጥፋቱ እልል የሚል ሰው አይቶ አያውቅም።

ቆጣሪውን ያኔውኑ አስተካከለችው። ዓርብ ሙከራው ከጠዋት እስከ ማታ ሄደ፤ አንድም መልእክት አልተጣለም። በመጨረሻ መልእክት መላኩን አቆሙና የተለቀቁትን ክፍሎች መቁጠር ያዙ። የመጋዘኑ ክፍሎች አሥራ ስድስት ሺህ ናቸው፤ ቁጥሩ ያን ካልሞላ አልዳነም ማለት ነው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና አንድ ሲቀረው ቆመ። ከዚያ የመጨረሻው መልእክት ወጣና ሞላ።

ቢሮው በጩኸት ተናወጠ፤ እሷ ደግሞ ሰው ፊት ነኝ ሳትል አለቀሰች። አለቃዋ የፋብሪካውን መላኪያ ወረቀት አምጥቶ እስክሪብቶውን ዘረጋላት። በደንቡ መጀመሪያ የሚፈርመው እሱ ነበር።

"አንቺ ቅደሚ" አላት።