በታኅሣሥ ያጠጣሁት ፍራንጂፓኒ

ሓወልቲ ሰፈር አንድ ካፌ በር ላይ አስተናጋጇ ቅጠሉ የረገፈ ፍራንጂፓኒ የሚባል የአበባ ዛፍ ስታጠጣ አየሁና «በብርድ አታጠጪው፣ ይበሰብሳል» አልኳት።

ይህን ያወቅኩት በአሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ሟች እህቱ የተከለችውን ፍራንጂፓኒ አደራ ሰጥቶኝ ለወራት ሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅጠሉ ከረገፈ እስኪያቆጠቁጥ ውኃ እንዳታስነኪው» አለኝ። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ የጎረቤት ልጆች «ዱላ ነው የምትጠብቂው?» እያሉ ሳቁብኝ። የሞተ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ተደብቄ አጠጣሁት።

አባቴ በሚመለስበት ቀን ግንዱን ስነካው ለስልሷል። ሮጬ የአባቴን ወዳጅ፣ ችግኝ ሻጩን አያ ሐሰንን ጠራሁ። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«አጠጣሽው? ወላሂ፣ ልጄ፣ ተኝቶ እኮ ነው! ወተት የመሰለው ነጭ ፈሳሽ እስኪወጣው የበሰበሰውን እንቆርጣለን።»

ከሥሩ ከፍ ብለው ቆረጡ፤ ውስጡ ቡናማ ነው። እንደገና ወደ ላይ ከፍ ብለው ቆረጡ፤ አሁንም ቡናማ። ከጫፉ ስንዝር ያህል ሲቀር ወተቱ ወጣ። ወዲያው በሩ ተከፈተ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ሐሰን።

እውነታቸውን ነው። ስለ ውኃው የጠየቀኝ አልነበረም። ሁለቱ በዚያ ተጣልተው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም፤ እኔም ማጠጣቴን ለአባቴ አልነገርኩትም።