ማተብ የማይቆርጠው ራጅ አንሺ

ወንድሜ ቀለመ ወርቅ ራጅ አንሺ የሆነው በአባታችን ማተብ የተነሳ ነው። እኔ ጌጤ ታላቅ እህቱ ነኝና ከእኔ ይሰማ፤ የአገራችን የእስቴ ሰው እንደሆነ አንዱን ሦስት አድርጎ ነው የሚያወራው።

አባታችን መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከመካነ ኢየሱስ ማዶ ባለ ደብር ዜማ አስተማሪ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ ሳል ያዛቸው። ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ አልወጣም። ማኅሌቱን ግማሽ አድርሰው ይቀመጡ ጀመር። ስንት ለምነን ሩቅ ከተማ ካለ አንድ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ባንገታቸው ያለውን የብር መስቀል አየና «ይህ ፊልሙን ያበላሻል፣ ይውለቅ» አለ። የአባባ ማተብ አጥሮ የታሰረ ነው፤ በራስ በኩል አይወልቅም። ሰውዬው ምን ገዶት፣ መቀስ አነሳ።

እግዚኦ! «ማተቤ ከሚበጠስ ሳንባዬ ይበጠስ!» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ውልቅ አሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የሐኪም ስም አይነሳም።

ቀለመ ወርቅ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ደብረ ታቦር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ያጥብ ነበር። «ሌላ ሰው እንዲያነሳቸው እሺ አይሉም፤ እኔው ተምሬ አነሳቸዋለሁ» አለኝ። ሳቅሁበት። «ዜማውን እንኳ ሳትጨርስ!» አልሁት። እሱ ግን ካለ አለ ነው። አመለከተ፤ አዲስ አበባ የሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ ገባ።

የሚማረውን ሁሉ ይጽፍልኛል፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ደብተራ አለበል ያነብልኛል። የአጥንት ስም በባዕድ ቋንቋ ማጥናት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ማጠብ፣ ጨረሩ እንዳያገኘው እርሳስ ከተለበጠ ግድግዳ ጀርባ መቆም። ስሙን መሸምደዱ አልከበደውም፤ ድጓ ሲያጠና ያደገ ልጅ ነው። አስተማሪው አቶ ታፈረ ባንድ ነገር ምሕረት አልነበራቸውም። «ትንፋሽ ይያዙ ካልክ፣ ይተንፍሱ ማለትን እንዳትረሳ። የኛ ገበሬ ታዛዥ ነው፤ ካላልከው ዓይኑ እስኪፈጥ ይጠብቅሃል» ይሉታል።

ፈተናው ሲደርስ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ሰጡት። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ማተቡ ላይ መስቀል፣ ጠረጴዛው ላይ መቀስ። ወንድሜ መቀሱን አነሳ። የአባባ ፊት መጣበትና መልሶ አስቀመጠው። ሽማግሌውን ከነመስቀላቸው አነሳቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ መስቀሉ ሳንባው ላይ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«በሽታውን ልታሳየኝ ነው ወይስ ልታሳልመኝ?» አለው ፈታኙ ሐኪም። የተሳቀበት ሳቅ! ማተቡን ቆርጠው ደግመው ቢያነሷቸው፣ መስቀሉ ሸፍኖት የነበረ ጥፍር የሚያህል የሳንባ ነቀርሳ ቁስል ተገኘ። ቀለመ ወርቅ ወደቀ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ይፈተናል፤ ያንንም ከወደቀ ወደ ቁስል አጠባው ይመለሳል፣ የአባባም ሳንባ ሳይታይ ይቀራል።

«እህቴ፣ ባልቆርጥ የሰው በሽታ ደበቅሁ፤ ብቆርጥ አባቴን ቆረጥሁ። ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። አባባ ጓዳ ውስጥ ይስላሉ፤ መሐረባቸው ላይ ደም ማየት ጀምሬያለሁ። «በል ቁረጥ» ብዬ ላስጽፍ አለበልን አስቀምጬው ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

መላውን ያገኘው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። አንዲት አሮጊት ያንገታቸውን መስቀል ወደ ከንፈራቸው አንስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አየ። ማተቡ ከደረታቸው ላይ ተነስቷል። ቅዳሴውን እንዴት እንደጨረስሁ አላውቅም ይላል።

ሁለተኛው ፈተና ላይ የጋይንት ሴት ደረሱት። አቶ ታፈረ መቀሱን ቢያቀብሉት እጁን አልዘረጋም። «እናቴ፣ መስቀልዎን ይሳለሙ፤ እንደተሳለሙ በከንፈርዎ ይያዙት» አላቸው። ፊልሙ ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ታፈረ መቀሱን ኪሳቸው ከተቱት። ሰርተፊኬቱን ይዞ ጎንደር ተመደበ።

አባባን እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ ጎንደር በአውቶቡስ አደረስኋቸው። «ማተብ አይቆረጥም» ብዬ ብምልም አላመኑኝም፤ መንገዱን ሁሉ ማተባቸውን ጨብጠው ነው የሄዱት።

«የኔታ» አላቸው ቀለመ ወርቅ፣ ዜማ ቤት እንደሚጠራቸው። «መስቀልዎን ይሳለሙና በከንፈርዎ ይያዙት።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ተሳለሙ። እኔን ከጎኑ፣ ከግድግዳው ጀርባ አቆመኝ። «ትንፋሽ ይያዙ!» አለ። መሣሪያው ጠቅ አለ። «ይተንፍሱ» ማለቱን ብጠብቅ አልመጣም። ዞር ብዬ ሳየው፣ ወንድሜ ግንባሩን የግድግዳው መመልከቻ መስታወት ላይ ደግፎ እንባው ይወርዳል። አባባ ትንፋሻቸውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው። መቋሚያቸው ወለሉን ኳ! ኳ! አደረገው።

«አባባ፣ ይተንፍሱ!» ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ።

መስቀሉን ከአፋቸው አወጡና ሳል በሳል ሆኑ። ጋብ ሲልላቸው «አንተ! ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ነበር? ትንፋሼን አስይዘኸኝ የት ሄድህ?» አሉት። እየሳቀ እያለቀሰ ጉልበታቸውን ሳመ።

የሳንባቸው ነቀርሳ ካንገት አጥንታቸው ሥር፣ ልክ መስቀሉ የሚንጠለጠልበት ላይ ነበር። መርፌውና ኪኒኑ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ ዳኑ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ማኅሌት ቆሙ።

የሞቱት በእርጅና፣ ቤታቸው፣ ከነማተባቸው ነው። ቀለመ ወርቅ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። መስቀላቸውን ወደ ከንፈራቸው አንስተው ተሳለሙና ጸጥ አሉ። እሱም ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የኔታ፣ ይተንፍሱ» አላቸው። ደግሞ አላቸው። ሦስተኛውን ሳይል እጁን ይዤ ከክፍሉ አወጣሁት።