ደጁ ላይ የተቀበረው ፕሬዚዳንትና ጋሽ ኣልኣሚን

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ጽፌም አላውቅ። ስንት ጊዜ ጀምሬ ደመሰስኩት መሰላችሁ። ጋሽ ኣልኣሚን ራሳቸው «ጻፈው እንጂ፣ ማን ይስቅብሃል» ባይሉኝ አልደፍርም ነበር።

ጋሽ ኣልኣሚን የከረን ሰው ናቸው። መርካቶ አድገው አማርኛውን እዚያ ተማሩ፤ ፍራንክፈርት ከገቡ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ኤርፖርት አውሮፕላን ሲያጸዱ ኖሩ። አሁን ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ከቴሌቪዥን ማማው አጠገብ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ናቸው። ሚስታቸው ሳፍያ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጃቸው ነቢላ እሑድ እሑድ ትመጣለች።

እሳቸው ሲሞቱ አስከሬናቸው ከረን እንዲሄድ በመረዳጃ ማኅበራችን ተመዝግበዋል። ጸሐፊው ሚስባህ ባገኛቸው ቁጥር ይቀልዳል።

«ጋሼ፣ ሲያጸዷት የኖሩት አውሮፕላን ራሷ ናት ይዛዎት የምትሄደው! ወንበሩን ደህና አድርገው ይጥረጉ።»

«አንተን አስቀድሜ ነው የምሸኘው» ይሉታል።

እኛ አገር መቃብር አንዴ ከተቆፈረ የሟች ነው፤ ማን ይነካዋል? ሳፍያ ስትቀበር ጋሽ ኣልኣሚን የፈረሙት የግዢ መስሏቸው ነበር። «መሬት ገዛሁላት» እያሉ ለሰው ሁሉ ሲናገሩ ኖሩ። ባለፈው፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ የመቃብሩ አትክልተኛ አስቁሞ ነገራቸው። ኪራይ ነው። ዘመኑ ሊያልቅ ነው። የሚያድሰው ከሌለ ድንጋዩ ይነሳል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የቤተሰብ ሰው አብሯት ከተቀበረ ግን ዘመኑ ለሁለቱም እንደ አዲስ ይጀምራል።

«እኔ ከረን ከሄድኩ እሷስ?» አሉት።

ሰውየው ቅጠሉን መጥረጉን ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳፍያ ቤት መጣች። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ እሳቸው እንዳሉኝ ነው የምጽፈው። ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር፣ እሷ እንዳወለቀችው፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር የኖረው። ማንም አይነካውም። አሁን ከመስጊድ ሲመለሱ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ያገኙታል፤ ውጪ ተብላ ልትወጣ የተነሳች ይመስል። ያዞሩታል፣ በማግስቱ እንደገና። ኮሪደሩም እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። አዑዙ ቢላህ ይላሉ፤ አይለቅም።

ለነቢላ ስለ ጫማው ብቻ ነገሯት። ስለ መቃብሩ አፋቸው እምቢ አለ።

«ባባ፣ ዳስ ዋርስት ዱ!» ብላ ሳቀች። ራስህ ነህ ያዞርከው ማለቷ ነው።

አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥኑ ስለ ካርተር ያሳያል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ ኦቾሎኒ ገበሬው። ጋሽ ኣልኣሚን ትልቅ ቤተ መንግሥት ሲጠብቁ፣ ፎቅ የሌለው ተራ ቤት ብቅ አለ። ከሥልጣን ሲወርድ እዚያው ድሮ ከሚስቱ ጋር የሠሩት ቤት ገባ። ሚስቱ ቀድማው ሞተች፤ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ቀበሯት። እሱም መቶ ዓመት ሞልቶት ሲሞት አጠገቧ ተኛ።

«ደጁ ላይ?» አሉ ጋሽ ኣልኣሚን።

«እዚህ ቢሆን አይፈቀድም» አለች ነቢላ። «አንተ ደግሞ ግቢ የለህ። ባልኮን ላይ እንዳልቀብርህ!»

አልሳቁም። «ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው» አሉ።

ያኔ ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። ቀስ እያለ፣ ወደ በሩ። ነቢላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ባባ... በሩን ዘግተሃል አይደል?»

ጋሽ ኣልኣሚን ወደ ኮሪደሩ ዞረው «ሳፍያ፣ ቆይ» አሉ። «አትውጪ። ነገ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ለልጃቸው ሁሉንም ነገሯት። ኪራዩን፣ የአትክልተኛውን ነገር፣ ሁሉን።

«ከረንስ?» አለች ነቢላ። «ከእናትህ ጎን ለመቀበር ስትመኝ አይደል የኖርከው?»

«እናቴን ማንም አያነሳትም።»

«እዚህም እኮ ለዘላለም አይደለም፣ ባባ። ዘመኑ ሲያልቅ ያው ነው።»

«ይሁን። ካነሱንም አብረን ያንሱን።»

ነቢላ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። በኋላ ዓይኗን ጠርጋ «ቢያንስ ቴርሚን ልያዝልህ» አለች፤ የመቃብር ቢሮውን ቀጠሮ ማለቷ ነው። እምቢ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሒ ሰግደው ሚስባህ ጋ ደወሉ። «ከአውሮፕላኑ አውርደኝ» አሉት። የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ፤ ሲቆይ ሳቁን አቆመ። ነጭ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ የሳፍያን ጫማ ወደ ውስጥ አዞሩ፣ ወጡ። የመቃብር ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሴትዮዋ ቴርሚን አለዎት ወይ ብትላቸው የለኝም አሉ። ግድግዳው ላይ ካለው የመቃብሩ ካርታ የሳፍያን ረድፍ ፈልገው ጣታቸውን አሳረፉበትና በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛቸው «ሂር» አሏት፣ «እዚህ። እኔም።»